«የቀድሞ» የምትለዋ ቃል

ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አዋሳ

ቀበሌ ተጠርቼ በሰላም ተመለስኩ፤ ተመስገን። ባለቤቴ አስቴር ጠዋት «ምናልባት ካሳደሩህ» ብላ ወፍራም ሹራብ አልብሳ ነበር የሸኘችኝ። ጥፋቴ ፒያሳ የለጠፍኳት ማስታወቂያ ናት፦ «የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለኳስ ቡድኑ ማልያ ለመግዛት እሑድ እንሰብሰብ።»

ሊቀመንበሩ «የቀድሞ» የምትለዋን በጣቱ መታ መታ አደረጋት።

«የምን ቀድሞ ነው፣ ጓድ? የቀድሞው ሥርዓት?»

«ኧረ በፍጹም! ተመርቀን የወጣን ለማለት ነው።»

አሰበ፣ አሰበና ሰርዞ «ነባር ተማሪዎች» ብሎ ጻፈበት። ማኅተሙንም መታልኝ። እሑድ እንሰበሰባለን፤ ልጆቹም ማልያ ይለብሳሉ።

ቤት ስደርስ ሹራቡ በላብ ርሷል። አስቴር በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን አደረጉህ?»

«መልሰው ተማሪ አደረጉኝ» አልኳት።