ተንቀሳቃሽ ዕቃ ስለተባለው ቤታችን

ለተከበሩ ዶን ኤድሙንዶ ሪቬሮስ
በካስትሮ ከተማ የባንኩ የቤት ብድር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የዚያን ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ስንገናኝ ወንበሩ ሲጢጥ ሲጢጥ ይል ስለነበር አሳስቦኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተኝ ሦስት ሳምንት ከመሆኑ በቀር። ይህን ደብዳቤ ለደሴታችን ሬዲዮም መላኬን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ጣቢያው ከምሳ በኋላ የጠፋች ላም፣ የሞተ ዘመድና የዘገየ ጀልባ መልእክት ስለሚያነብ፣ ባንክዎም ማስታወቂያውን የሚያስነግረው በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ቢደርስዎ ጨዋነት መስሎኝ ነው።

ከብዙው ደንበኛ መካከል ካልለዩኝ፣ ኤርሜሊንዳ ካርካሞ ነኝ፤ ዛጎል እየፈለቀቅን በምንውልበት ፋብሪካ የምሠራ። ባለቤቴ ሮሳውሮ ጀልባ የሚሠራ አናጺ ነው። ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል፣ የጣውላ፣ የአማቼ የእጅ ሥራ ሲሆን ለማንም የአንዲት ምስማር ዕዳ የለበትም። ልጃችን ያስና ባሏን ትታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ፑዌርቶ ሞንት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። «ነይ፣ ቤትሽ ግቢ» ባልኳት ቁጥር «እማ፣ የት ልታስገቢን ነው? ምድጃው ውስጥ?» ትለኛለች። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

ስለዚህ አልዋሽዎትም፣ ከካስትሮ በላይ ባለው አዲስ ሰፈር ያሳዩኝን ቤት ፈልጌዋለሁ። ሦስት መኝታ ቤት አለው፤ ቧንቧው ሙቅ ውሃ ያወርዳል። ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የደነዘዙ ጣቶቼን እዚያ ቧንቧ ሥር ስይዝ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርኩ አልኩ። ሮሳውሮ ግን ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ «ካርቶን ነው» ብሎ ወጣ። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜዬን ስላሰሉልኝ አመሰግናለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ መሆኑን፣ ብድሩም ሃያ ሦስት ዓመት መሆኑን በማሽን ከደመሩ በኋላ «ሲጨርሱ እኮ ገና ሰባ አራትዎ ነው!» ብለው እጄን ጨበጡኝ። ገና ላልደረስኩበት እርጅና እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ ሰው ከእርስዎ በፊት አልነበረም። ጉልበቶቼ ግን ከአሁኑ ደረጃ መውጣት እምቢ ማለታቸውን በማሽኑ ላይ የሚያስገቡበት ቦታ አልነበረም መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ቤታችንን ለብድሩ ዋስትና እናስይዝ ዘንድ ገማችዎን ዶን ኢቱራን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሰውዬው በጭቃው ተንበርክከው ቤቱ በተቀመጠባቸው ግንዶች ሥር ባትሪ ሲያበሩ፣ ሮሳውሮ አድናቆት መሰለው። ደረቱን ነፍቶ «ይሄ ቤት እኮ ሦስት ቦታ ኖሯል! መጀመሪያ ባሕሩ ዳር ነበር፣ ከዚያ ጸሎት ቤቱ ጋ፣ ከዚያ ነው እዚህ የመጣው። በሰባት ጥማድ በሬ ተጎትቶ! አባቴ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን እያጨሰ!» አላቸው። ገማችዎም በትሕትና ጻፉት። በሳምንቱ በደረሰን ወረቀት ላይ ቤታችን «ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ተንቀሳቃሽ ዕቃ» ተብሎ፣ ግምቱ ዜሮ፣ ዋስትና የሚሆነውም መሬቱ ብቻ እንደሆነ ሰፍሯል። ሮሳውሮ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና ወደ ጀልባዎቹ ሄደ። ያን ቀን እራት አልበላም። እናቱ የሞተችበት፣ ያስና የተወለደችበት ቤት እንደ ጋሪ መቆጠሩን በማኅተም ስላረጋገጡለት ውለታዎን አይረሳም።

ሦስተኛ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት አርብ ዕለት ልፈርም መጥቼ ብዕሩን ከጨበጥኩ በኋላ ላነሳሁት የሞኝ ጥያቄ ስለሰጡኝ ፈጣን መልስ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ሲያድጉ በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ብንጨምር ብዬ ነበር የጠየቅሁት። «ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ያለ ባንኩ ፈቃድ አንድ ጣውላ መንካት አይቻልም» አሉኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አናጺ ባሌን ይዤ፣ መዶሻውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ልኖር ነው! ብዕርዎን መልሼ፣ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቅሬታ ሳይሆን የቤት ውስጥ ጣጣ ነው። ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ከሮሳውሮ ጋር ተጣላን። «አልፈርምም። በስተርጅና የሰው ቤት ጠባቂ አልሆንም» አለኝ። «አንተማ ምን አለብህ! የልጅ ልጆችህን በፎቶ አሳድጋቸው!» አልኩት። ካልኩት በኋላ ቆጨኝ። ከዚያ ወዲያ ሲነጋ እፈርማለሁ እላለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ውሉን እቀድደዋለሁ እላለሁ፤ አልጋችንን በመቀነቴ ለክቼ አምስታችንን ይይዝ እንደሆን አሰላለሁ፤ ተነስቼ ወደ ካስትሮ እስከሚሻገረው ጀልባ ማረፊያ እሄድና ሳልሳፈር እመለሳለሁ።

እዚያው ማረፊያ ላይ ነው ባለ በሬው ዶን ቤላርሚኖ ያገኘኝ። የገማችዎን ወረቀት ተቀብሎ፣ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አነበበና እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! ተንቀሳቃሽ ነው ካሉሽ ምን ታለቃቅሻለሽ? ደግ ብለዋል! የፊሎሜና ቤት ከኮረብታው ማዶ ተዘግቶ ይበሰብስ የለም እንዴ? እሱስ ተንቀሳቃሽ አይደለም? ሄደን እንጎትተውና ካንቺው ጎን ይቁም!» አለኝ።

ፊሎሜና የሮሳውሮ ሟች እኅት ናት፤ ቤቷን ለእሱ ነው የተወችው። ለምን ቀድሞ እንዳልታየኝ ልንገርዎት፦ አፍሬ ነው። በራሪ ወረቀትዎ ላይ በረንዳዋ ላይ ቆማ የምትስቀው ሴትዮ፣ ቤቷን በሬ ጎትቶላት የመጣ አትመስልም። እኔም እሷን ለመምሰል ስል የአገሬን ደቦ፣ እኛ ሚንጋ የምንለውን፣ የድሆች ነገር አድርጌ ቆጠርኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የፊሎሜናን ቤት ሊጎትት ስምንት ጥማድ በሬና ወደ ስልሳ ሰው ወጣ። ዋጋው አንድ አሳማ፣ ሦስት ጆንያ ድንችና የሰፈሩ ሰው መጠጣት የሚችለውን ያህል ቺቻ የምንለው የፖም ጠላ ነው፤ ወለድ የለውም። ግን አሸነፍኩ ብዬ አልጻፍኩልዎትም። ቁልቁለቱ ላይ ገመዱ ተበጠሰ፣ አንድ በሬ አነከሰ፣ ቤቱም ጸሎት ቤቱ ሥር የመኪና መንገዱን ዘግቶ አንድ ጎኑን አዘንብሎ ቆመ። ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ነው። ይድረስ፣ ይፍረስ፣ ማንም አያውቅም። ሙቅ ውሃ የለውም። ክረምት ሲመጣ ያንን ቧንቧ እያሰብኩ ራሴን እረግም ይሆናል።

ያስና ግን ቤቱ እስኪደርስ አልጠበቀችም። ሬዲዮው ስለ ሚንጋው ሲናገር ሰምታ ዛሬ በጠዋቱ ጀልባ ከነልጆቿና ከነፍራሿ መጣች። ያዘነበለውን ወለል ዓይታ «እማ፣ እኛ ልጆቹን ታች በኩል እናስተኛለን፣ እንዳይንከባለሉ» አለችና መንገድ መሀል በቆመው ቤት ውስጥ ምድጃውን አቀጣጠለችው። ሮሳውሮ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ጭስ ማውጫውን ሽቅብ እያየ አለቀሰ። እኔም ይህን የምጽፍልዎት እዚያው፣ ምድጃው ጎን፣ እርሳሱ እየተንሸራተተብኝ ነው። ያልተፈረመው ውልዎ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ለባንክዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ጥቂት ዘይትን፣ ለእርስዎም ማንም ሳይደምርልዎ የሚመጣ ሰባ አራተኛ ዓመትን እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን በማባከኔ ዝቅ ብዬ ይቅርታ የምጠይቅ፣

ደንበኛዎ ለመሆን ለጥቂት የተረፍኩት
ኤርሜሊንዳ ካርካሞ

ማስታወሻ፦ ለዋስትና ያስረከብነውን የመሬት ሰነዳችንን በፖስታ የሚመልሱበት ቋሚ አድራሻ እንድልክልዎ በትሕትና ጠይቀውኝ ነበር። ለዛሬ መንገዱ መሀል ብለው ይጻፉበት፤ የነገውን በሬዎቹ ያሳውቁዎታል።