ሁሉንም እኩል የሚያስከፋ ኦርጋን

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች ወይስ አሁንም ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች? ከአባባ ቀብር ወዲህ እንቅልፍ እምቢ እንዳለሽ ለእማዬ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ፤ አሁንስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል እንበላለን፣ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እማዬም ሥራ ገብታለች ማለቴ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ነገሩ የአባባ ኦርጋን ነው።

የሰፈሩ የሙዚቃ ቡድን ኦርጋን መግዛት ስላልቻለ አባባ ራሱ ሊሠራላቸው እንደጀመረ ታውቂያለሽ። ከሁለት የተሰበሩ የልጆች ኪቦርዶች ቁልፎቹን አውጥቶ ገጣጠመ፤ ሣጥኑን ከአሮጌው ቁም ሣጥን በር ሠራው፤ ድምፅ ማጉያውን ከተበላሸው ቴሌቪዥናችን ነቀለ። ድምፁን የምታወጣው ውስጡ ያለችው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት። ሲሞት የቀረው ክዳኑ ብቻ ነበር።

ክዳኑን ልገጥም ስል በስልኬ ድምፁን ለካሁት። አርባ ዘጠኙም ቁልፎች ልካቸውን አልያዙም፤ አንዱ ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ አዘንኩለት። ሕመሙ ጆሮውን አድክሞት የተሳሳተ መሰለኝ። ሰው እንዳይስቅበት ብዬ አንድ በአንድ አስተካከልኩና ኮምፒውተሯ ውስጥ በነበረው ላይ መዘገብኩት። እሱ ለየቁልፉ የሞላቸው የድምፅ ልክ ቁጥሮች ጠፉ።

ቅዳሜ ወደ መለማመጃው አዳራሽ ወሰድኩት። ብቻውን ሲጫወቱት ያምራል። አብረው ሲጀምሩ ግን አኮርዲዮን የሚጫወተው ፀጉር አስተካካይ እጁን አንስቶ አስቆማቸውና «ምን ነካካህበት ልጄ?» አለኝ። የእሱ አኮርዲዮን ከእርጅና ብዛት ዝቅ ብሏል፣ ሁለቱ ዋሽንቶች ደግሞ ከፍ ይላሉ፤ አንዳቸውም አይስተካከሉም። ለካ አባባ አምስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መሃላቸው ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የሚያስታርቃቸውን ቦታ በጆሮው ሲፈልግ ነበር። «የኔ ኦርጋን ሁላችሁንም እኩል ያስከፋችኋል» እያለ ያስቃቸው ነበር አሉ። ስህተት ብዬ ያጠፋሁት ያንን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ሞከርኩ። ወደ አኮርዲዮኑ ሳስጠጋው ዋሽንቶቹ ጆሮ ይበሳሉ፤ መሃል ላይ ሳደርገው ከሁለቱም ጋር ይጣላል። የእሱ ጆሮ የለኝም። ፀጉር አስተካካዩ አይዞህ ይለኛል፣ ባለፈው ግን ኦርጋኑን ከግድግዳው አስጠግተው ያለ እሱ ተለማመዱ። የፊዚክስ አስተማሪዬን ብጠይቀው በላዩ የተጻፈበት አይመለስም፣ ይልቅ ፈተናህን አጥና አለኝ። ኦርጋኑን ተሸክሜ ወደ ቤት መለስኩት።

እማዬ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስትጠርግ አንዷን ቁልፍ ትጫንና «ይኸው፣ እንደተወው ነው» ትላለች። እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ።

አባባ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ተጭኖ፣ ቀርጾ ልኮልሽ ነበር። «ይሄ ሁሉ የበር ደውል ምንድን ነው?» ብለሽው ሁለት ቀን አኩርፎሽ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ያ ቅጂ ካለ እያንዳንዱን ድምፅ ለክቼ መመለስ እችላለሁ። የእሱ ስልክ ሆስፒታል ሳለን ጠፍቷል። ያንቺም ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሌላ እንደገዛሽ አልረሳሁም። ቢሆንም አሮጌውን ካልጣልሽው ለጠጋኝ አሳዪልኝ። ከሌለም ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ለእማዬ ምን እንደምላት አላውቅም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ እንዳትነክስሽ ብቻ ተጠንቀቂ። ሚጢዬ እህታችን ትስምሻለች፤ የላክሽላት ጫማ ቢጠባትም አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትሄዳለች። ፀጉር አስተካካዩም እግዜር ያጽናሽ ብሎሻል። እማዬ ሰላም ብላሻለች። ኦርጋኑም ደህና ነው ብለህ ጻፍላት ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ

ከአባባ መሥሪያ ክፍል፣ እሑድ፣ ሰኔ 8