ስለ ፖታሲየም የኋላ ወንበር

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ ቀና ብዬ መሄድ ብቻ ትንሽ አስቸግሮኛል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ በቅርቡ ክፍሉን የጎበኙለት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ያ «እሺ ጌታዬ» ያለው።

እንደሚያውቁት ቤተ ሙከራችን የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ አተምን የማስተምረው በራሳቸው በተማሪዎቹ ነው። ጠረጴዛዬ ኒውክለስ ይሆናል፤ ልጆቹ ደግሞ ኤሌክትሮን ሆነው በየረድፋቸው ይቀመጣሉ። በግራ በኩል ፖታሲየም ነበር፤ ፊት ሁለት፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ከዚያ ስምንት፣ መጨረሻ ላይ ብቻዋን አንዲት ልጅ። በቀኝ በኩል ክሎሪን፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ከሰባቱም አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር። ያቺ የኋላ ልጅ ተነሥታ፣ መተላለፊያውን ተሻግራ፣ በባዶው ወንበር ስትቀመጥ አንዱ ሰጥቷል፣ ሌላው ተቀብሏል፣ ሁለቱም ይሳሳባሉ። ኬሚካዊ ትስስር የምንለው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ያጨበጭባሉ፤ እኔም ለአንድ አፍታ ደመወዜን እረሳለሁ።

እርስዎ የገቡት ልጅቷ ልትነሣ ስትል ነበር። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ አመሰግናለሁ። ልጅቷ ለምን ተገልላ ኋላ እንደተቀመጠች ጠየቁ፤ ላስረዳ አፌን ስከፍት እጅዎን አንሥተው ዝም አሰኙኝ፤ በሦስተኛው ረድፍ ቦታ እያለ ማንም ኋላ ብቻውን እንዳይቀመጥ በጣትዎ እየጠቆሙ አዘዙ። እውነት ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ ቦታ አለው፤ እስከ አሥራ ስምንት ይይዛል። ነገር ግን በፖታሲየም ላይ ስምንት ከሞላ በኋላ ቀጣዩ ኤሌክትሮን የሚቀመጠው በአራተኛው ነው፤ አነስተኛ ኃይል የሚጠይቀው እሱ ስለሆነ። ሁለት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ማለት ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት ስሕተት ነው፤ በኃላፊ ትእዛዝ ሲፈጸም ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ደግሞ የሚቆጨኝ፣ ጣትዎን ትንሽ ወደ ቀኝ ቢያዘነብሉት ልጅቷ የክሎሪን ወንበር ላይ ታርፍ ነበር፤ ሳያውቁት ትምህርቱን በጨረሱልኝ።

ሁለተኛ፣ ሰርኩላሩ ደርሶናል። «የተስተካከለው የአተም አቀማመጥ» በሁሉም ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ እንዲውል ማዘዝዎ ስሕተቱ በእኛ ክፍል ብቻ እንዳይቀር አድርጓል፤ ስለ ፍትሐዊነቱ ምን ቃል አለኝ። ፈተናው ደርሷል። የፖታሲየም አቀማመጥ ጥያቄ ሳይወጣ የቀረበትን ዓመት አላስታውስም። አሁን በየክፍሉ ልጆች ፖታሲየምን ዘጠኝ ብለው እየሸመደዱ ነው፤ ውጤታቸው ሲመጣ ግን ሰነፎች የሚባሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሰርኩላሩ ከፈተናው በፊት እንዲሻር በትሕትና እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁትም በግል የላክሁት ማመልከቻ መልስ ስላጣ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጉብኝቱ በኋላ የላኩልኝ የምስክር ወረቀት። «ለአስተያየት ባሳዩት ቅን ተቀባይነት» ይላል። ባለቤቴ ሳሎን ልትሰቅለው ምስማር ስትፈልግ ደረስኩና ምስማር የለም አልኳት። ነበር። በምን እንደተሸለምኩ ስትጠይቀኝም በወንበር አደራደር ብያት ወጣሁ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ለሚገባው ሰው ይስጡልኝ። ቢሮዎ ውስጥ እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

አራተኛውን ለእርስዎ ልጽፍ ብዬ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለ፤ የሚመለከተው እኔን ነው። ያቺን የኋላ ወንበር ልጅ ጓደኞቿ «እሜት ለምን» ይሏታል፤ ያለ ጥያቄ አንድ ክፍለ ጊዜ አልፎ አያውቅም። እርስዎ ወጥተው በሩ ሲዘጋ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ፖታሲየም የቱ ነው?»

«ኃላፊው እንዳሉት ነው» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ትምህርቱ ሲጀመር ራሷ የጻፈችውን ስምንትና አንድ በመዳፏ አጥፍታ ዘጠኝ ጻፈች። እጇ ላይ የቀረውን ጠመኔ እንኳ ሳታራግፍ ተቀመጠች። እኔም ቆሜ አየሁ። እርስዎ አላወቁም ነበር፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እርስዎን የሚያሳፍርዎ ነገር እስኪገኝ የሁለታችንንም እፍረት እኔ ይዤዋለሁ፤ ከብዶኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሜት ለምን ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ክፍሌ አሁን እርስዎ እንደሚወዱት ጸጥ ያለ ነው።

ሥልጣንዎ ከፖታሲየም በስተቀር በሁሉም ላይ እንዲጸና እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ በግማሽ ተነሥቼ፣ እጄን በደረቴ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ባለ ምስክር ወረቀቱ የኬሚስትሪ መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለክፍሉ አነበብኩት። «እኔ ግን አውቃለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እሜት ለምን እጇን አወጣች። «ካወቁ ለምን ዝም አሉ?» አለችኝ። ሰሌዳውን አየሁ፣ ጠረጴዛዬን አየሁ። ልጅቷን ወደ ኋላ ወንበሯ መልሻታለሁ። ዳግም ሲጎበኙን ቦታ እያለ ለምን እዚያ እንደተቀመጠች ይጠይቁ፤ መልሱን የምትነግርዎ እሷ ናት፤ እኔ በሩን ይዤ እቆማለሁ፣ ሳትጨርስ እንዳይወጡ።