በገዛ ለቅሶዬ ላይ ስለመገኘቴ

…ከጋሪው ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ድንኳኑን ነው። ከዚያ የኮሌጁን አውቶቡስ። ከዚያ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ በወንበሮቹ ላይ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው። የሽንኩርቱን ከረጢት እንደያዝኩ ዞር ብዬ ባለቤቴን ዘውድነሽን አየኋት፤ አለች። እኔም አለሁ። ልጅ የለንም። ታዲያ ከዚህ ቤት ማን ነው የሞተው፣ እያልኩ…

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተከበሩ ጓድ ዲን። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አላጣሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነገር ሁሉ ከመሐሉ እየጀመረብኝ ተቸግሬአለሁ።

እንግዲህ እንደ ደንቡ፦ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ፣ የማህተምዎ ጤንነት እንደምን ነው? እኔ በሕይወት የመኖር ያለመኖሬ ጉዳይ በኮሌጅዎ የጡረተኞች ግንኙነት ኮሚቴ ዘንድ ገና በመጣራት ላይ ከመሆኑ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳፈር አስቤ አይደለም። ይለፍ ሳልጠየቅ ልደርስበት የምችለው የግቢው ክፍል የበሩ ውጫዊ ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያው በሙጫ ልለጥፈው ስለተገደድኩ ነው።

በሩ ላይ ቆመው ለሚያነቡና ለማያውቁኝ፦ ስሜ ኃይለየሱስ ተክለሃይማኖት ይባላል። በቆቃ መንገድ ባለው በዚህ ኮሌጅ የአፈርና የአየር ጠባይ መምህር ነበርኩ፤ ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ ወጣሁ። ከግቢው በስተምሥራቅ፣ ከፓፓያው ማሳ ጎን፣ በሽቦ የታጠረች አንዲት የዝናብ መለኪያ አለች። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀኑ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ያንን መለኪያ አንብቤ በመዝገብ ጽፌአለሁ። በሠርጌ ዕለት እንኳ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ገብቼ አንብቤ ወጥቻለሁ፤ ዜሮ ነበር፤ ዘውድነሽ እስካሁን ታነሳዋለች። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልተዘለለም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዘበኛው ያስገባኝ፣ እኔም ለክቼ ቁጥሩን ለተተኪዬ እሰጠው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልከለከለኝም። እስከ ዘንድሮው ሚያዝያ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጡረተኞች ከኮሌጁ ቤተሰብ ተለይተን እንዳንቀር አስበው ኮሚቴ ስላቋቋሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ከግንቦት አንድ ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የመጀመሪያ ውሳኔ፣ ማንኛውም ጡረተኛ ከኮሚቴው የተሰጠ ይለፍ ካልያዘ ወደ ግቢው እንዳይገባ የሚል ነው። የኮሚቴው ቢሮ የሚገኘው ግቢው ውስጥ ነው። ይለፉን ለማግኘት ወደ ቢሮው መግባት፣ ወደ ቢሮው ለመግባት ይለፉን መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ መመሪያ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ እንደ እንቁላል ክብ የሆነና መክፈቻ የሌለው ግን አላየሁም።

አርባ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ዘበኛው ራህመቶ መመሪያውን አንድም ቀን ሳያዛንፍ እንደፈጸመ በዚህ አጋጣሚ እመሰክርለታለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እዚያው በሩ አጠገብ፣ ግራሩ ሥር፣ ፊደልና ቁጥር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ነበር። ያስቸገረችው የአሥርዮሽ ነጥቧ ብቻ ናት። «ጋሼ፣ ይቺ ጠብታ ምን ትሠራለች? ቁጥሩ ያለሷ አያልቅም?» ይለኝ ነበር። ከእሷ ወዲህ ያለው ከአንድ የሚያንሰው ነው፤ ትንሽ ነው ተብሎ ግን አይጣልም፣ ብዬ አስረዳሁት። ዛሬ «ጋሼ፣ ይለፍ አለዎት?» ይለኛል። የለኝም እለዋለሁ። አንገቱን ይሰብራል። ተማሪዬ ስለሆነ ሕግ አክባሪነቱ ያኮራኛል፤ ሕግ አክባሪነቱ ደግሞ ደጅ ያቆመኛል።

በቤቴ ጣሪያ ላይ የቲማቲም ጣሳ አስቀምጬ ለመለካት ሞክሬአለሁ። ግን ናዝሬትን ያውቋታል። ዝናቡ የመንገዱን አንድ ወገን አጥቦ ሌላውን ወገን ለአቧራው ትቶት ይሄዳል። የእኔ ጣሳ የሚያውቀው የእኔን ጣሪያ ነው። መዝገቡ ላይ ስለዚያች መለኪያ የምጽፈው የለኝም። ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከጎኑ ባዶ እተዋለሁ። እስከ ትናንት ድረስ ሰባ ስምንት ባዶ መስመር ሆኗል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲመታ ስሰማ እጄ ይንቀሳቀሳል። ዘውድነሽ እጄን ይዛ ታስቀምጠዋለች።

ሁለተኛ፦ ስለ ለቅሶዬ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን እህቴ አበዛሽ ሽንኩርት ስታነሳ ልናግዛት ከባለቤቴ ጋር ወደ ዓለም ጤና ሄድን። አራት ቀን ቆየን። ለካስ ኮሚቴው ስለ ጡረተኛ በሕይወት መኖር ያለው ብቸኛ ማስረጃ በየጠዋቱ ከበር መመለሱ ኖሯል። አራት ጠዋት የሚመለስ ሰው ሲጠፋ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ አስፋው ወደ ሰፈራችን መጣ። ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤታችን ሳፊያ ዕቃ ጭነን ወደ ዓለም ጤና መሄዳችንን ነገረችው። ጓድ አስፋውም ሬሳዬ ለቀብር ወደ ትውልድ አገሬ መወሰዱን ደመደመ። በኋላ ሳፊያን፣ አንቺስ ደህና ስንወጣ አይተሽን የለም ወይ፣ ብዬ ብጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ወላሂ አይቻለሁ። ግን ከኮሌጅ የመጡ የተማሩ ሰዎች ሞቷል ሲሉ፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ አለቀስኩ።»

እናም ከጋሪው ወረድኩ። አንድ የማላውቀው ወጣት መምህር ከረጢቴን ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝና ንፍሮ በእጄ ሞላልኝ።

«እግዜር ያጽናዎት አባባ። ሟቹ ምንዎ ነበሩ?» አለኝ።

«ቅርቤ ናቸው» አልኩት።

«ጥሩ ሰው ነበሩ ይባላል።»

«ማን ይላል?»

«አሁን ሲነበብ አልሰሙም እንዴ?»

ሰማሁ። የሕይወት ታሪኬ በጓድ አስፋው ተዘጋጅቶ በጓድ አስፋው ተነበበ። አራት መስመር ነው። ዝናብ የሚል ቃል የለበትም፤ «ኮሌጁን በውሃ ጉዳይ አገልግለዋል» ይላል። ከዚያ እርስዎ ተነሱ፣ ጓድ ዲን። ባርኔጣዎን አውልቀው፣ «የኮሌጃችን በር ለእኒህ ሰው ምንጊዜም ክፍት ነበር» አሉ። ቆሜ ላጨበጭብ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ንፍሮዬን ቆረጠምኩ። ጨው ጎድሎታል።

መጀመሪያ ያየኝ ሾፌሩ መርዳሳ ነው። እጁ ላይ የነበረውን ሁሉ በተነው። «ያ ረቢ! ጋሽ ኃይሌ! ከመቼ ወዲህ ተነሱ?» አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። በዚያች ቅጽበት፣ አልዋሽዎትም፣ ፈራሁ። ሃምሳ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያይዎት፣ ትክክለኞቹ እነሱ እንደሆኑ ይመስልዎታል። ወደ ዘውድነሽ ዞርኩ። «ተቀመጥ፣ ንፍሮህን ጨርስ» አለችኝ። ያኔ ነው በሕይወት መኖሬን ያረጋገጥኩት።

ጓድ አስፋው ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብሎ ሲያንሾካሹክ አየሁ። ከዚያም የመገኘት ፊርማው ስለተጀመረና አውቶቡሱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስለተፈቀደ መርሐ ግብሩ እንዲቀጥል ተወሰነ። ወረቀቱ ዞሮ እኔም ጋ ደረሰ፤ ተራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ላይ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሰዓታት እንዴት ብዬ ልግለጽልዎት? ስለ አዲሱ ላቦራቶሪ ሰማሁ። የፓፓያው ማሳ ምስጥ እንደበላው ሰማሁ። መርዳሳ እኔን አስመስሎ ጣቱን መለኪያው ውስጥ ሲነክር ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ በራሱ ለቅሶ ላይ ስቆ የማይነቀፍበትን ክብር ማን አግኝቶ ያውቃል? ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ያን ዕለት ያህል ከኮሌጁ ጋር ተገናኝቼ አላውቅም። ሲሄዱ ወንበሮቹ የቆሙበት ጉድጓድ ግቢያችን ውስጥ ቀረ። አልደለደልኩትም።

ሦስተኛ፦ «የኮሌጅ ቤተሰብ» የተባለው ወርኃዊ መጽሔት ሳይቋረጥ ይደርሰኛል፤ የሐምሌው ፖስታ ላይ «ለሟች ቤተሰብ» የሚል ስለታከለበት ባለቤቴ ከፍታ ታነብልኛለች። በመጨረሻው ገጽ የወሩ ዝናብ ታትሟል። ከአምናው መዝገቤ ጋር አስተያየሁት። የዘንድሮ ግንቦት ከአምናው ግንቦት ጋር እስከ ነጥቧ ድረስ አንድ ነው። ተተኪዬን አልወቅስም፤ በአምስት ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው መለኪያ ድረስ የሚሄድበት እግር አይኖረውም። ስለዚህ አምና በዚያው ቀን የዘነበውን ዘንድሮም አዘነበው። ሰማዩ ዕቅዱን መቶ በመቶ ስለፈጸመ ደስ ብሎኛል። ገበሬው ግን በዚያ ዝናብ አይዘራም። ከሃያ ዓመት በኋላ መዝገቡን ገልጦ በዚህች አገር ምን ያህል ዘነበ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። ስለእሱ ሳስብ ይጨንቀኛል። እሱን አላውቀውም፤ ምናልባት ገና አልተወለደም፤ እኔ ግን ስሜን ሳይሆን ቁጥሬን አምኖ ይሠራበታል።

አራተኛ፦ ሞቴ እንዲሰረዝልኝ ከቀበሌ በሕይወት የመኖር ማስረጃ አመጣሁ። ማስረጃው በአካል ለቢሮው መቅረብ አለበት ተባልኩ። ለመግባት ይለፍ ያስፈልጋል። ለሟች ደግሞ ይለፍ አይሰጥም። በለቅሶው ላይ በአካል መገኘቴ በፊርማዬ የተረጋገጠ ነው ብዬ በስልክ ብከራከር፣ ጓድ አስፋው ፊርማው የሚያረጋግጠው ለቅሶው መደረጉን ነው አለኝ። ከለቅሶው ማግስት በሩ ላይ ስደርስ ራህመቶ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ በረኛ ስለሆነ አውቶቡሱ ወደ ለቅሶው ሲመጣ ትቶት ነበርና መነሳቴን አላየም። ከትልቁ በር ጎን ያለችውን ትንሿን በር ገርበብ አድርጎ እጁን አውጥቶ እጄን ያዘና «አልሐምዱሊላህ» አለ። እጄን አለቀቀም። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ይለፍ አለዎት?» አለኝ።

ስለሆነም የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። ይለፉም ይቅር። ሞቴም እንዳለ ይቆይ፤ ለምጄዋለሁ። ብቻ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ያችን መለኪያ አንብቦ እውነተኛውን ቁጥር ይጻፍ። ይህ ካልተቻለ፣ በየወሩ አንዴ እንዲያለቅሱልኝ እጠይቃለሁ። ድንኳኑን የምንተክልበት ቦታ አለን። የንፍሮውን ጨው እኔ እችላለሁ።

ደብዳቤዬን «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ብዬ እንደ ደንቡ በዘጋሁት ነበር። ዳሩ ግን ሁለተኛውን አማራጭ ኮሚቴዎ አስቀድሞ ስለፈጸመልኝ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ጽፌ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ከዕድሜውም በኋላ ከበር የማይመልስ ጡረታን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞ መምህር፣ የአሁኑ ነፍስ ኄር፣
ኃይለየሱስ ተክለሃይማኖት
ናዝሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

በእስክርቢቶ የተጨመረ፦ በሩ ላይ ሆኜ፣ ሙጫው ሳይደርቅ የምጽፈው ነው። የዛሬውን ዝናብ መጽሔትዎ ስድስት ነጥብ ሁለት ብሎ ያትመዋል፤ አምና በዚህ ቀን ራሴ የለካሁት ስለሆነ አውቃለሁ። እውነተኛው አሥራ አንድ ነጥብ አራት ነው። ሰባ ዘጠነኛው መስመር ላይ አሁን አሰፈርኩት። ከየት እንዳገኘሁት አይጠይቁኝ፤ ሟች ምስክር አይጠራም። ነጥቧ በቦታዋ ናት።

ትንሿ በር ከውስጥ ተዘጋች።