«አርፋለች» ያለው አኑዋር ነው

ውድ በለጠች፣

ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ይዘሽ እያነበብሽ ከሆነ በሕይወት አለሽ ማለት ነው። እኔ ግን እስካሁን አላመንኩም። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ ፈገግ በዪና እለፊው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረት የደቁላትን ሴት በአራተኛው ቀን ቁጭ ብሎ «እንደምን ነሽ» ብሎ መጻፍ በእኔ ይብቃ።

እንደምን ነሽ?

እኔማ ከየት ልጀምርልሽ። ሞተሽ ነበር እኮ! ገዳሪፍ ላይ፣ በድንኳን፣ በወግ በማዕረግ ሞተሽ ነበር። ደብዳቤውን ያመጣልሽ አኑዋር በአፉም ይነግርሻል፤ ግን ጥፋቱን አሳንሶ ስለሚነግርሽ ከእኔው ስሚው።

አኑዋርን መቼም አትረሺውም፤ የቅመም ሱቅ ያለው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው። አንቺ ካርቱም ከሄድሽ በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ፣ ከዚያም ከመደኒም የሸሸው ሐበሻ እዚህ ፈሰሰ። እናት ልጇን፣ ወንድም እህቱን ያጣ በየጥጉ ተቀምጦ ያለቅሳል። «እንተያይ» የሚባል ማኅበር አቋቋምን። ደመወዝ የለው፣ ቢሮ የለው፤ አንድ የፌስቡክ ገጽ፣ አንድ ስልክና አኑዋር ነው። የጠፋ ሰው ፎቶ ይለጥፋል፣ ያየ ሰው ይጽፋል። ይጽፋል ስልሽ፣ ገጹን የሚከታተለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ግማሹ የአኑዋር የአጎት ልጅ ነው፣ ግማሹ ለመሳደብ የሚመጣ። «የእነሱን ለጥፋችሁ የእኛን ለምን ተዋችሁ» እያሉ ከጠፋ ሰው ፎቶ ሥር ይሰዳደባሉ። በሁለት ዓመት ያገናኘነው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ያንቺን ፎቶ ግን በየወሩ እናወጣ ነበር፤ እኔ ነኝ አኑዋርን የምጨቀጭቀው።

ሐሙስ ጠዋት ለውዝ እየፈጨሁ (አሁን ደኳ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ነው የምሸጠው፤ ሰሊጥ ማበጠሩን ወገቤ እምቢ አለኝ) ስልኬ ጮኸ። ከፈትኩት። ያ የመታወቂያሽ ጥቁርና ነጭ ኮፒ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «እህታችን በለጠች ባዬ ከብዙ ድካምና መንገላታት በኋላ ኡም ጋርጉር ላይ አርፋለች። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እስቲ አንቺው ፍረጂ። ይህን አንብቦ የማይጮህ የአማርኛ ሰው አለ? «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ትንሽ ቆርቁሮኝ ነበር። ግን እኛ ሙስሊሞቹ በሞትም አልሐምዱሊላህ እንል የለ፣ ለክርስቲያን ብሎ በአማርኛ አዙሮት ነው ብዬ አለፍኩት። ደወልኩለት፣ አያነሳም። ቀትር ላይ ኔትወርኩም ጠፋ፣ ለሦስት ቀን። እሱ ለካ ሳሙናና ስኳር ጭኖ ወደ አንቺ፣ ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ፣ መንገድ ጀምሯል።

ሐጅ ሙዳሲርን ታስታውሻለሽ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያሉት ሱዳናዊ ሽማግሌ። ጩኸቴን ሰምተው መጡና «ማናት?» አሉ። ነገርኳቸው። ሄደው የራሳቸውን ሲዋን፣ ያን ትልቁን የሐዘን ድንኳን፣ በአህያ ጋሪ አስጭነው ላኩት። «እኛ ኪራይ...» ብል ተቆጡኝ፤ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ጎረቤቴ አልነበረችም? የእኔ ድንኳን የእሷም ነው፤ በራሷ ድንኳን ነው የምታለቅሱላት!»

ሰዉ መጣ። በለጠች፣ ስንት ሰው መሰለሽ! ለተትንሳኤ የምትባል በሐምዳይት ድንበር በኩል ሸሽታ የገባች ሴት አለች፤ ገጹ ላይ ከአኑዋር ጋር ተሰዳድባ አግዷት ነበር። እንጨት ተሸክማ ከተፍ አለች። «በስልክ አገዳችሁኝ፣ እግሬን ማን ያግደዋል?» ብላ ጥላው እሳት ማንደድ ጀመረች። ደግሞ አንቺን በሕይወትሽ የማይወዱሽ ሁሉ! አንድ ማንኪያ ስኳር ለጎረቤት ሰጥተሽ የማታውቂዋን አንቺን «እጀ ሰፊዋ በለጠች» እያሉ ሲያሞግሱሽ፣ በእንባዬ መሃል ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።

ግን ሰው በአንቺ ስም የራሱን እያለቀሰ ነው። አንዷ «የእኔም ልጅ እንደ በለጠች መደኒ ላይ ጠፍቶ ቀረ» ብላ ስሙን ስትጠራ፣ ከወዲያኛው ምንጣፍ አንዲት ሴት ቀና አለችና «እሱማ ቀላባት ዳቦ ቤት እየሠራ ነው!» አትልም? ድንኳኑ በአንድ እግሩ ቆመ። ካርቶን ቀድጄ የጠፋውን ሰው ስም መጻፍ ጀመርኩ። በሦስት ቀን አርባ አንድ ስም፤ ስድስቱ እዚያው ተቀምጠን ያሉበት ታወቀ። ገጻችን በሁለት ዓመት ሦስት፣ ሞትሽ በሦስት ቀን ስድስት።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ።

ያኔ ባልሽ እንዳልሞተ ለእኔ ብቻ ነበር የነገርሽኝ። ሰው ሁሉ ባሏ የሞተባት እያለ ሲያዝንልሽ፣ ላቀው መተማ ቁጭ ብሎ እንዳለ፣ ትከሻሽ ላይ ያለውም ጠባሳ የእሱ መሆኑን አሳየሽኝ። ወሩ ሳያልቅ ላቀው አብረን የምንሠራበት ሰሊጥ ማበጠሪያ በር ላይ ቆሞ «የባዬን ልጅ» እያለ ጠየቀ። አንቺ ከጆንያው ጀርባ ተደብቀሽ፣ ትንፋሽሽ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። እሱ እንደሄደ ሻይ የምትሸጠውን ሰሀርን «አንቺ ነሽ ያወራሽብኝ!» ብለሽ ትሪዋን ገለበጥሽው። ወደ እኔ ዞረሽም «አንቺ ነሽ እንዴ?» አልሽኝ። «ወላሂ አይደለሁም» አልኩሽ። ጎንበስ ብዬ የተሰበረውን ብርጭቆ ለቀምኩ። በማግስቱ ጠዋት በካርቱም አውቶቡስ ሄድሽ።

እኔ ነበርኩ፣ በለጠች። ጆንያ ላይ ተቀምጠን መተማ ለሚመላለስ ሹፌር ሚስት ነገርኳት። ክፋት አልነበረኝም ብዬ አልሸነግልሽም፤ ወሬው አፌ ላይ ጣፈጠኝ፣ ይኸው ነው። በሐሰት ምዬ ወደ ጦርነት ላኩሽ።

አርብ ከሰዓት ሰሀር ትሪዋን ይዛ ለለቀስተኛው ሻይ ስትቀዳ አየኋት። ትሪውን ለገለበጠችባት ሴት ለቅሶ! አልቻልኩም። ተነሥቼ «ሰሀር አይደለችም፣ ያወራሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሰሀር ቀና እንኳ ሳትል «ጩኸትሽን ቀንሺ፣ ሻይ እየቀዳሁ ነው» አለች።

«ሰማሽኝ ወይ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት ሰምቻለሁ። ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ገበያው ሁሉ ያውቃል። አንቺ እንደምናውቅ አላወቅሽም እንጂ።» ብርጭቆውን ሰጠችኝ። «ጠጪ። ስኳሩን አብዝቼልሻለሁ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ጠጣሁት። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብላ ተሸከመችልኝ!

እሑድ ከሰዓት በኋላ አኑዋር መጣ። አቧራ እንደለበሰ በቀጥታ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ እጁን ዘርግቶ ፋቲሓ ቀራ፣ «አላህ ያጽናችሁ» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ሻዩን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

ያበደ መሰለኝ። «በለጠች ናታ!»

«የትኛዋ በለጠች?»

«የባዬ ልጅ! አንተው አይደለህ የጻፍከው!»

ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። «ዛሬ ጠዋት ከእሷ ጋር የአሲዳ ገንፎ በልቼ ነው የመጣሁት!»

ከዚያ የሆነውን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፈው? ለተትንሳኤ ወደቀች። እኔ የአኑዋርን አንገት አንቄ ኖሯል፤ ሐጅ ሙዳሲር ናቸው ያላቀቁን። ለካ የኡም ጋርጉሩ መምህር እስማኤል በድምፅ የላከለት «በጣም ደክማ ነበር፣ አሁን ኢርታሐት» የሚል ኖሯል፤ ዕረፍት አገኘች ማለቱ። አኑዋር ደግሞ እዚሁ ተወልዶ በዓረብኛ የተማረ፣ አማርኛን ከእናቱ አፍ እንጂ ከወረቀት ያላገኘ ሰው፣ ቃሉን እንዳለ ገለበጠው። «አርፋለች ማለት ምን ክፋት አለው?» እያለ ይከራከረናል ደግሞ!

እልልታው ሳይበርድ ኔትወርክ መጣ። ስልኩ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኸ። ሰሀር ገጹን ከፍታ ስታነብ ፊቷ ተለወጠና ስልኩን ሰጠችኝ። ከሞትሽ ማስታወቂያ ሥር እንዲህ ተጽፏል፤ «ነፍስ ይማር። ሚስቴ ነበረች። ከእንግዲህ መፈለጌን ትቻለሁ። ላቀው።»

መፈለጌን? ወደ ኋላ ሄጄ በየወሩ የለጠፍነውን ፎቶሽን ሁሉ አየሁት። በእያንዳንዱ ሥር፣ ያለ አንድ ቃል፣ የላቀው ቀይ ልብ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ! እኛ በጎ ሠራን ብለን ስንደክም፣ ለእሱም ጭምር እየፈለግንለት ነበር። አንዴ በአፌ አሳልፌ ሰጠሁሽ፣ ደግሞ በፎቶ ልሰጥሽ ነበር።

አኑዋር «ማኅበር ነን፣ ውሸት ለጥፈን አናድርም፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ስልኩን ነጠቅኩት። በዕድሜዬ ወሬ እንዳይወጣ ስታገል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ግማሹ «በሕይወት አለች በሉ፣ ያለቀሰው ሰው ይወቅ» አለ። ግማሹ «ተዉአት፣ ሞቷ ጠበቃት» አለ። ሲጯጯሁ ሰሀር ትሪዋን መሬት አስቀመጠችና «ምን ታወዛግቡናላችሁ? የሞተችዋን ጠይቋት!» አለች።

ይኸው ጠየቅንሽ።

እንደሞትሽ መቅረቱ ከተሻለሽ አኑዋር ባዶ እጁን ይመለስ። ማስታወቂያው እንዳለ ይቀመጣል። ስልሳ ሰው ድንኳኑ ውስጥ እንደየእምነቱ ምሏል፤ እኔም ምያለሁ፣ ይህኛውን በእውነት። ያን ጊዜ ደኳ ይዤ እኔው እመጣልሻለሁ፤ ካልፈለግሽኝ ከደጅ አስቀምጬ እመለሳለሁ።

መኖር ከፈለግሽ ግን አዲስ ፎቶ ተነሺና ለአኑዋር ስጭው። በቀለም፣ ፊትሽን ወደ ብርሃን አዙረሽ። «አለች» ብለን እንለጥፈዋለን፤ ጽሑፉን ለተትንሳኤና እኔ እናርመዋለን። ላቀው ከመጣም ይምጣ። ያኔ ከጆንያው ጀርባ ብቻሽን ነበርሽ። ሐጅ ሙዳሲር ሲዋኑን አላነሡም፤ «ባለቤቷ ሳትመጣ አይፈርስም» ብለዋል። ከሥሩ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ካርቶኑ ላይ ዛሬም አራት ስም ተጨምሯል።

ለእኔ ይቅርታሽን አሁን አልጠይቅም። ለሰሀር ግን አንድ ትሪ አለብሽ፤ እሱን እኔ ከፍዬ እንዳልጨርሰው ከለከለችኝ። «ራሷ ታምጣው» ነው ያለችው።

መልስሽን አኑዋር ለእኔ ብቻ ይነግረኛል። እኔም... ይኸው፣ ሰሀር ከትከሻዬ በላይ እያነበበች ስቃ ልትሞት ነው። አትሞትም። ያንን ቃል ከእንግዲህ ሳልመረምር አልጽፍም።

ደረቷ እስካሁን የሚያማት፣
ኡምሰልማ