ብርቱካን የሚሸተው ሙጫ

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ሬክስ እንደ ልማዱ ጠዋት መጣ። የሥጋ ፓይ በወረቀት ጠቅልሎ። ፍርፋሪውን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አራገፈው። ስንት ዓመት ነገርኩት... ሰሃን የሚባል ነገር አለ!

ካታሊና የተባለችውን፣ ውሃ ላይ የምታርፈውን አውሮፕላን፣ ውስጧን ቀባን። የፕላስቲክ ሞዴል ስንገጣጥም እንዲህ የለፋንባት የለችም። እውነተኛዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚሁ ሐይቃችን ላይ ታርፍ ነበር። የሬክስ አባት በጎኗ ካሉት ሁለት የመስታወት ጉብታዎች በአንዱ ውስጥ ተቀምጠው ባሕር ሲቃኙ ኖረዋል። ሬክስ የአውራ ጣት ጥፍር አሳክሎ አባቱን ቀርጾ እዚያው አስቀመጣቸው። እጃቸው ላይ ኩባያ።

«ኩባያ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«አባዬ ሻይ ሳይዝ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም።»

ሲያስል ዋለ። «ይሄ ሙጫህ ነው» አለኝ። አቧራ ነው አልኩት።

ማርች 4

ሬክስ ደወለ። ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር።

«ሳንባህ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ሳንባ አይመስልም አለችኝ።»

«የስንት ዓመት ይመስላል?»

«ጠየቅኳት። ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች።»

የኃይለኛ ሙጫ ሽታ ካሁን በኋላ ለእሱ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ በሌላ ሙጫ አልሠራም። ይህንንም ነገርኩት። «እንግዲያው ካታሊናዋን አንተው ጨርሳት፤ እኔ አቆምኩ» አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ለምን ዘጋሁበት? ከሬክስ ሌላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣልኝ ማን አለ?... ማንም።

ማርች 6

ሱቅ ሄድኩ። «መርዝ የለሽ» የሚሉትን ለማየት ብቻ።

ቱቦው ላይ የሚስቅ ብርቱካን ተስሏል። «ለልጆችም ተስማሚ» ይላል። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ዕድሜዬን ድልድይ ስመረምር የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ። የሚስቅ ብርቱካን ይዤ ሰልፍ ቆምኩ።

ነገሩ ቀላል ነው። ኃይለኛው ሙጫ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ ሁለቱ ቁራጭ አንድ ይሆናል። ሲሸት ራስ ያዞራል፣ ግን ይይዛል። ይሄ ብርቱካን ግን... ያባብላል እንጂ አይይዝም።

ማርች 7

ሙከራ አደረግኩ። በሁለቱም ሙጫ ቁራጮች አጣብቄ ውሃ የሞላ ጣሳ አንጠለጠልኩባቸው። ኃይለኛው ንቅንቅ አላለም። የብርቱካኑ ጣሳ ድመቷ ላይ ወደቀ። ድመቷ እስካሁን ከማቀዝቀዣው ጀርባ አልወጣችም።

ግሌኒስ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ባለቤቴ ሳይንስ አታከብርም።

«ማን አሸነፈ?»

«ኃይለኛው። በሰፊው!»

«ጎበዝ። እንግዲያው ቅዳሜ ሙጫው ፓይ ይዞልህ ይምጣ።»

ሄዳ መጥረግ ጀመረች። ለሬክስ ደወልኩ።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

መጣ። በብርቱካኑ ሠራን። ጋራዡ ጭማቂ ቤት ሸተተ።

የዚህ ሙጫ ጠባይ እንዲህ ነው፤ እስኪደርቅ በእጅ መያዝ አለበት። የካታሊና ክንፍ ወጥ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ላይ ይቀመጣል። እኔ አንዱን ጫፍ፣ ሬክስ ሌላውን። ፊት ለፊት። እንደ ቃሬዛ ተሸካሚ።

በክሪኬት ጨዋታ ነገር ተነሣ። ሬክስ ስለ ክሪኬት የማያውቅ ሰው ብቻ የሚናገረውን ነገር ተናገረ። ቱግ አልኩ። ተነሥቼ ልወጣ ስል... ክንፉን ይዣለሁ!

«ሂድ እንጂ» አለ ሬክስ። «በሩ ክፍት ነው።»

«ሙጫው ሲደርቅ እሄዳለሁ።»

«እኔ ደግሞ ንግግሬን አልጨረስኩም።»

በሕይወቴ የሰው ንግግር እስከ መጨረሻው ሰምቼ የማውቅ አይመስለኝም። ዛሬ ሰማሁ። ለነገሩ ተሳስቷል።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

የካታሊናዋን ሆድ ዘጋን። የመስታወት ጉብታዎቹንም በብርቱካኑ አጣበቅን። ከውስጥ አባትየው ኩባያቸውን ይዘው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሬክስ አንገቱን አዘንብሎ ብዙ አያቸው።

ሲሄድ የኃይለኛውን ሙጫ ጠርሙስ ብብቱ ሥር ይዞ ሄደ።

«አታምነኝም?»

«አምንሃለሁ። እጅህን ነው የማላምነው።»

ማርች 19

ሆዷ ተከፈተ! ከሥር መጋጠሚያው እንዳለ ተተረተረ። አልኩኝ! አላልኩም? የሞዴል ሠሪዎች ክለባችን ኤግዚቢሽን ቀርቧል።

ብቻዬን ነበርኩ። ደሜ ፈላ። ግሌኒስ የጫማ ሶል የምታጣብቅበት ሱፐር ግሉ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ... በስንጥቁ ወደ ውስጥ አንጠባጠብኩ። ወዲያው ክርችም! እሰይ።

ሬክስ አይነቃም። አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል። ሽታው እስኪወጣ ጋራዡን ከፍቼ አናፍሳለሁ። ማን ተጎዳ?

ማርች 20

መስታወቶቹ ነጡ። ሁለቱም። ሞራ የጋረደው ዓይን ይመስላሉ።

ሱፐር ግሉ በተዘጋ ቦታ ሲደርቅ ትነቱ መስታወት ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። ይህን የማያውቅ የለም። ለክለባችን ጀማሪዎች በየዓመቱ ቆሜ የማስተምረው ማነው? እኔ! ባለፈው ዓመት አንዱን ጀማሪ በዚህ ጥፋት አስለቅሼዋለሁ።

አባትየው አይታዩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል... ይኸው።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ሬክስ ፓይ ይዞ ገባ። ካታሊናዋን አያት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጉም ነው» አልኩ።

«ጋራዥ ውስጥ?»

«ሐይቁ ቅርብ ነው።»

እንዲህ ያለ ውሸት! ሁለት ጊዜ ተመርቄ!

ጎንበስ አለ። በአንዱ መስታወት አየ፣ በሌላውም አየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ኔቪል... አባቴን ምን አደረግከው?»

ወጥቶ ሄደ። ፓይውን ጥሎ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ፍርፋሪ የለችም።

ማርች 24

ስልክ አያነሣም።

ግሌኒስ «ሄደህ አናግረው» አለች። ምን ልበለው? እሷም «እሱን አንተ ታውቃለህ» ብላ ወደ ድመቷ ዞረች።

ማርች 25

ሥራ ቀረሁ። ጉንፋን ነው አልኩ።

አንዱን ጉብታ በጥፍሬ ጠርዙን ነካ አደረግኩት። ጠቅ አለና ተነሣ! ሳይሰበር፣ ሳይጫር። ሌላውም እንደዚያው። ያ የማይረባ ብርቱካን... በኃይለኛው ቢሆን ኖሮ መዶሻ እንኳ አይለያቸውም ነበር። የማይይዝ ሙጫ ብዬ ሰደብኩት። የሚለቅ ሙጫ መሆኑን ግን አላሰብኩም።

መስታወቶቹን በጥርስ ሳሙና ፈተግኩ። የግሌኒስ የወለል ማብረቅረቂያ ፈሳሽ ውስጥ ነከርኳቸው፤ የድሮ የሞዴል ሠሪ ዘዴ ነው። ጠሩ።

አባትየው ደህና ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ ኩባያው አፍ ላይ ነጭ ቀርቷል። ብፍቀው ቀለሙ ይላጣል። ሻይ በወተት ይመስላል።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ እኔ ሬክስ ቤት ሄድኩ። ካታሊናዋን ጭኔ ላይ፣ መስታወቶቹን በጥጥ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ፤ ግሌኒስ ነዳች። ፓይ ገዛሁ። ሰሃንም ይዤ ነበር... ለምን እንደያዝኩ አላውቅም።

በሩን ከፍቶ ቆመ። ግባ አላለኝም።

«ሱፐር ግሉ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አይሸትህም ብዬ ነው።»

«ዓይን ግን አለኝ።»

ያም ሆኖ ወጥ ቤቱ አስገባኝ። ብርቱካኑን ቀባን። እሱ አንዱን መስታወት ያዘ፣ እኔ ሌላውን። መሄድ አይቻል፣ መጮህ አይቻል፤ ከጮህኩ መስታወቱ ይነቃነቃል።

«የምትለው ነገር አለ፣ ወይስ እስኪደርቅ ዝም ብለን እንጠብቅ?» አለ።

«አለኝ።»

«እህ?»

«ይቅርታ።» ከዚያ ሌላም ወጣ፤ ሳላስበው። «ሬክስ፣ አንተ ካልመጣህ እኔ ብቻዬን ፕላስቲክ የማጣብቅ ሰው ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ኔቪል። የአባዬ ሻይ ላይ ወተት ጨምረህበታል?»

«ሙጫው ነው።»

«አባዬ እኮ ወተት በዓይኑ አያይም ነበር!»

ሳቀ። ስቆ ስቆ አሳለ፤ ሲያስል ግን መስታወቱን አልለቀቀም። እኔም አልለቀቅኩም። ፓይው ቀዘቀዘ።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ኤግዚቢሽን። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ያፍር! ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጣት ክንፉ ከምሰሶው ተላቀቀ። ሞዴሎቹን የምታየው ዳኛ ሁለት ጠረጴዛ ርቃ ነው ያለችው።

ድሮ ቢሆን... አዳራሹ በጩኸቴ ይናጋ ነበር። ሬክስ አየኝ። አየሁት። ቱቦውን ከኪሴ አወጣሁ። ቀባን። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ቆምን።

ዳኛዋ መጣች። መነጽሯን ዝቅ አደረገች። ካታሊናዋን አየች፣ ሬክስን አየች፣ እኔን አየች።

«እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎችም ከሞዴሉ ካርቶን ጋር ነው የመጡት?»

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው እንዴ? ልመልስላት ስል ሬክስ «እጅህ! እጅህ!» አለኝ። ዋጥኩት።

ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየች። «ውስጥ ያለው ሰውዬ ሻይ መያዙ ደስ ይላል» አለች። «በወተት ነው አይደል?»

«በወተት ነው» አለ ሬክስ።

ሽልማት የለም። ለመጋጠሚያ የተሰጠን ነጥብ ያሳፍራል። ክንፉን ይዘን አዳራሹ እስኪዘጋ ቆየን፤ ክሪኬት ስናወራ። አሁንም ተሳስቷል።

ኤፕሪል 9

አዲስ ሞዴል ሬክስ መርጧል። ትልቅ መርከብ፤ ቁራጩ መዓት ነው። ሙጫ ልገዛ ሄድኩ። ሁለት ቱቦ ከሚስቀው ብርቱካን አነሣሁ።

ባለሱቁ በቅንነት «ጌታዬ፣ ይሄ ቀርፋፋ ነው» አለኝ። «እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ መያዝ ይጠይቃል። ፈጣኑን ላሳይዎት?»

«ቀርፋፋነቱን ፈልጌው ነው» አልኩት።