የማይወርደው መስመር

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። እኔና እማዬ ደህና ነን።

ሥራዬ ያው ነው፤ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚባዛ፣ ተከላካይ ሴሎችም በስንት ቀን እንደሚያጠፉት በቀመር አሰላለሁ። ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች ደም ሲፈለግ የእማዬንም ጨመርኩ። "እኔ ጉንፋን ሦስት ቀን አይቆይብኝም" ትል የለ?

የሌሎቹ ሁሉ የቫይረስ ብዛት በሁለት ሳምንት ወረደ፤ ግራፉ ላይ የእሷ መስመር ግን በስድስተኛው ሳምንትም ሽቅብ ነው። ብልቃጥ ተቀያይሮ ይሆናል ብዬ ደሟን ሦስቴ አስቀዳሁ፤ ቀመሩንም እንደ አዲስ ሠራሁት። ግራ ገባኝ። አለቃዬ "ቀመርሽ ልክ ነው" ቢሉኝ አኮረፍኳቸው።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ሰፍተውኛል ብላ ቀሚሶቿን እያጠበበች ነው።

ከልጅነታችን ጀምሮ የሒሳብ ስህተቴን የምታገኝልኝ አንተ ነህ። ክረምትን ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት መጥተህ ብታገኝልኝስ?

ናፋቂህ፣ ታናሽ እህትህ